ለወይጦ መንገድ የሚሆን መጽሐፍ

መጽሐፍ የምመርጠው በመንገዱ ነው። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ደጋ ላይ ላለችው ለገዘር ቀጭን መጽሐፍ እይዛለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ እጄ ሁልጊዜ ሥራ አለው፤ ወይ የፊቱን ወንበር ይጨብጣል፣ ወይ የማላውቃትን እናት ሕፃን ያቅፋል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ከሦስት ገጽ በላይ ካነበብኩ ያጥወለውለኛል። ለወይጦ ወፈር ያለ፣ በክር የተሰፋ መሆን አለበት። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መጽሐፍ ቆላ አይወርድም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል፣ ከዚያ አንድ ነፋስ ይበቃዋል። መንገዱ ከዲመካ ወዲያ ከሆነ ሁለት መጽሐፍ እይዛለሁ። እዚያ ያለው የአሸዋ ወንዝ በላይ በኩል ዘንቦ ከሆነ ፀሐይ እያቃጠለችን ድንገት ይሞላል። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ቢያናድደኝ ሌላው ይክሰኛል።

ሰው ልቦለድ ይዞ መንገድ ይወጣል፤ እኔ አልችልም። ልቦለድ ይዤ ወረዳ ከወረድኩ ገበሬው ስለ ዘሩ ሲነግረኝ ልቤ ያቋረጥኩት ምዕራፍ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለመንገድ የምመርጠው ስለ አመራርና ራስን ስለ ማሳደግ የተጻፉትን ነው። የምክር መጽሐፍ የትም ቢዘጋ አይቀየምም፤ የትም ቢከፈት ያው ምክር ነው። ካልተስማማሁም እጨቃጨቀዋለሁ፤ ረጅም መንገድ ያለ ጭቅጭቅ አይገፋም። ዛሬ አስፋልቱ ጂንካ ከገባ፣ መጽሐፉም ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የወረቀት መጽሐፍ ሳልይዝ አልነሳም። አመሌ ነው።

ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እናቴ ገበያ ላይ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የነበሩት መጻሕፍት የእናቴ ዳዊትና የእኔ የሒሳብ መጽሐፍ ብቻ ናቸው። ተምሬና ተመርቄ ተመልሼ፣ ዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ስቀጠር ግን ጂንካም መጽሐፍ ሻጭ አግኝታ ጠበቀችኝ። መናኸሪያው በር አጠገብ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከአርባ ምንጭ በሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በካርቶን ያስመጣል። የሚደረድራቸው በሽፋናቸው ነበር። ንስር ያለባቸው አንድ ረድፍ፣ አንበሳ ያለባቸው አንድ ረድፍ፣ ደረጃ የሚወጣ ባለ ከረባት ሰው ያለባቸው ሌላ ረድፍ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ንስር መጥቶልሻል!» ብሎ ይጣራል።

አመራረጤ ቀላል ነው። መሃሉን እከፍትና አንድ አንቀጽ አነባለሁ። ደራሲው ስለ ሀብቱ ማውራት ከጀመረ እመልሰዋለሁ፤ ስለ ስህተቱ ካወራ እገዛዋለሁ። ከዚያ ጀርባውን አጥፌ አየዋለሁ። ሙጫ ብቻ ከሆነ ለገዘር፣ ክር ካለው ለወይጦ። ሻጩ ይሄን ሲያይ «አንቺ እኮ በግ ነው የምትገዢው፤ ጥርሱን ማየት ብቻ ነው የቀረሽ» ይለኝ ነበር።

ሥራዬ ወረዳዎችን እየዞርኩ ዘር ደረሰ አልደረሰም፣ ከብት ተከተበ አልተከተበም እያልኩ አይቼ ሪፖርት መጻፍ ነው። በቢሮው መኪና ስወጣ ሁልጊዜ የሚነዱልኝ ሾፌር ጋሼ ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በስማቸው ጠርቻቸውም አላውቅ። ገዘር አካባቢ የተወለዱ የአሪ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት መኪና እየነዱ ነው፤ ስለዚህ የመንገዱን ቃል ሁሉ ያውቁታል፣ የቢሮው ቃል ግን ያስቃቸዋል። «ብዙ ተግዳሮት ገጥሞናል» ብዬ ሪፖርት ሳነብ ሰምተው «ጉድጓድ ማለትሽ ነው?» ብለውኛል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሲነዱ አንድም ቀን መኪና ገልብጠው አያውቁም። እኔን «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያ ቃል ሆዴን ያባባው ነበር፤ ነግሬያቸው ግን አላውቅም።

መጽሐፍ ምርጫው ላይ እሳቸውም ድምፅ ነበራቸው። ከመውጣታችን በፊት መናኸሪያው ጋ መኪናውን ያቆሙና በመስኮት እጃቸውን ይዘረጋሉ። የገዛሁትን መጽሐፍ በመዳፋቸው ይመዝኑታል። «ይሄ ከቀይ አፈር አያልፍም፤ ሌላ ጨምሪ» ይላሉ። ስለ ይዘቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። «የማልስማማበት ይሁን። የምስማማበት ነገር እንቅልፍ ያመጣብኛል፤ እኔ ደግሞ የምነዳ ሰው ነኝ።»

መንገድ ላይ ጎማ ለማብረድ ስንቆም፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሆነን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። አንድ ቀን «መሪ ሁልጊዜ ከፊት ይሄዳል» የሚል ምዕራፍ ደረሰን።

«ይሄ ሰውዬ ከብት ነድቶ አያውቅም» አሉ ጋሼ። «ከብት የሚመራ ሰው ከኋላ ነው የሚሄደው። ከፊት ከሄድሽ የትኛዋ እንደቀረች በምን ታውቂያለሽ?»

ሌላ ቀን ደግሞ ሰው ጠዋት ሲነሳ መስታወት ፊት ቆሞ «አሸናፊ ነኝ» እንዲል የሚመክር አገኘን። ጋሼ የመኪናውን መስታወት ወደ ፊታቸው አዞሩና ጺማቸውን አይተው «አሸናፊ ነኝ» አሉ። ትንሽ ጠበቁ። «እኔ እንጃ፤ ያው ሽበቱ አለ» ብለው መለሱት። ወይጦ ላይ ነፋስ የአንድ መጽሐፌን አሥራ ምናምን ገጽ ገንጥሎ ወደ ቁጥቋጦው ሲወስደው ልሮጥ ተነስቼ ነበር። «ተዪው» አሉኝ። «ነፋስ የወሰደውን ምክር ማን ያሳድዳል? የምዕራፉን ርዕስ ንገሪኝ፤ የቀረውን እኔ እጨምርበታለሁ።» ጨመሩበትም፤ ከደራሲው ይሻላል።

እንዲህ እንዳለን ቡድን መሪ ተባልኩ። ገና ሠላሳ ዓመት መሙላቴ ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ስድስት ወንዶች ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ከኔ በፊት ያችን ወንበር ሴት ተቀምጣባት አታውቅም። ራስ ሳይጠና ጉተና ብለው በጀርባዬ ሲተርቱ ሰምቻለሁ። ስብሰባ ስጠራ አንዱ ስልኩን፣ አንዱ መስኮቱን ያያል። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፎቼን ለጭቅጭቅ ማንበቤ ቀረ፤ የምር አመንኳቸው። እንደ ሐኪም ትእዛዝ እያሰመርኩ አነብ ጀመር። ጋሼ ይሄንን አይተው ነበር። «ድሮ ትስቂ ነበር፤ አሁን ትጽፊያለሽ» አሉኝ አንድ ቀን። ማሰመሬን ቀጠልኩ።

በተሾምኩ በሁለተኛው ወር ከወይጦ ስንመለስ መንገድ ዳር፣ የተበላሸ የጭነት መኪና አጠገብ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው አየሁ። በማግስቱ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ ቅቤ በቅል ይዘው ነበር። አንዷ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ አቁሙላቸው» አልኩ።

እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ሳያነሱ «ማስታወቂያውን አላነበብሽም?» አሉ። ያልተፈቀደ ሰው በመንግሥት መኪና መጫን ክልክል ነው የሚል ወረቀት ቢሮው በር ላይ ከተለጠፈ ወር አልሞላውም። «አንቺ ደግሞ አሁን ኃላፊ ነሽ።»

«ኃላፊ ከሆንኩማ ልዘዝ፤ አቁሙ!»

ሳቁና አቆሙ። በቡድን መሪነቴ ያዘዝኩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ያ ነው፤ እስከ ዛሬም እኮራበታለሁ። ትልቋን ሴትዮ የኔ ቦታ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እኔ ከኋላ ከቅሎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ዝናቡ ዳገቱ ላይ ያዘን። ሴቶቹ በቋንቋቸው ያወራሉ፣ ጋሼ ከሚያውቋት አሥር ቃል አምስቷን እየመረጡ ይመልሳሉ፣ ከኋላ አብረውኝ ያሉት ሁለቱ በሳቅ ይወድቃሉ። መኪናው ውስጥ ቅቤ፣ እርጥብ አፈርና ሳቅ ነበር። ቀይ አፈር ሲወርዱ ትልቋ የጋሼን እጅ ይዘው ብዙ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ጋሼን ስጠይቃቸው «መኪናው ደግ ነው ይላሉ» አሉኝ። እስከ ጂንካ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

አሁን ስለ ግምገማ መናገር አለብኝ። በየመንፈቁ ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ተነስቶ መጀመሪያ የራሱን ድክመት ይናገራል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርበታል፣ ሁሉም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ነጥብ ይሰጠዋል። የከረመ ሠራተኛ ሁሉ ለዚህ ቀን አንድ የማይጎዳ ድክመት እንደ ክት ልብስ አጥፎ ያስቀምጣል። አንዱ «ሰዓት ላይ ክፍተት አለብኝ» ይላል፣ አንዱ «ስሜታዊ ነኝ» ይላል። የኔ ለዓመታት «የንባብ ልምዴን አላሳደግሁም» የሚለው ነበር፤ ያውም ቦርሳዬ ውስጥ ባለ ንስሩ ተቀምጦ። ጋሼ ደግሞ ይነሱና «የኔ ድክመት መኪናውን አብዝቼ ማጠቤ ነው፤ ውሃ አባክናለሁ» ይላሉ። አዳራሹ ይስቃል፣ ይጻፋል፣ ያልፋል። ማንም ለማንም እውነተኛ ጥፋቱን አይናገርም፤ ይሄን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።

ከግምገማው በፊት በነበረው ሳምንት ለአንድ ቀን ሥራ ገዘር ወጣሁ። የቢሮው መኪና ሌላ ቦታ ስለነበረ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ቀጭን መጽሐፍም ይዤ ነበር። እዚያች መጽሐፍ ውስጥ፣ እውነተኛ ስህተቱን በሰው ፊት የሚናገር መሪ የተከታዮቹን ልብ ያገኛል የሚል ምዕራፍ ነበር። ሁለቴ አነበብኩት፤ አሰመርኩበት። ስድስቱ ወንዶች ስልካቸውን አስቀምጠው ሲያዩኝ ታየኝ። ጋሼ አጠገቤ ቢኖሩ ኖሮ «ይሄ ሰውዬ ግምገማ ተቀምጦ አያውቅም» ይሉኝ ነበር። አልነበሩማ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የነበረው ሰው ተኝቷል።

በግምገማው ቀን ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር «ከወይጦ ስንመለስ ሦስት ሴቶች እንዲጫኑ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። እምላለሁ፣ ያ ነበር። ግን ስድስቱን ወንዶች ሳያቸው፣ አንዱ ከወዲሁ ፈገግ ብሎ ሳየው፣ ያዘጋጀሁትን ዋጥኩት። አፌ ሌላ ነገር ተናገረ። «ከወይጦ ስንመለስ ሾፌሩ ያልተፈቀደ ሰው ሲጭኑ እያየሁ ዝም ብያለሁ። በወቅቱ ማረም ነበረብኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ቂሏ ክብር መሰለኝ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መድረኩን የሚመሩት ሰብሳቢ እስክሪብቷቸውን አነሱና «የቡድን መሪያችን ግልጽነት ሊደነቅ ይገባዋል» አሉ። ጸሐፊው እየተንደረደረ ጻፈው። በዚያ መንፈቅ ከመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛውን ነጥብ ካገኙት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ከስድስቱ ወንዶችም አንዱ መጥቶ ጨበጠኝ። መጽሐፏ አልዋሸችም፤ ልባቸውን አገኘሁ።

በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ከጋሼ ተቀበሏቸው። ጉዳያቸው በዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪታይ በር ላይ ተቀምጠው የሚገባና የሚወጣ ሰው እንዲመዘግቡ ታዘዙ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ማስታወቂያው ገና መለጠፉ ስለሆነ መቀጣጫ ይፈለጋል፣ ኮሚቴው ካጠበቀው ከሥራ ሊሰናበቱ ይችላሉ ሲባል ሰማሁ። ያን ሁሉ ዓመት የነዱ ሰው፣ ለሦስት ሴትና ለቅቤ ቅል ብለው፣ በኔ ትእዛዝ።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ። «እንዴት አደሩ ጋሼ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቡድን መሪ» ይሉኛል፤ ደብተሩን አዙረው እስክሪብቶ ያቀብሉኛል፣ እፈርማለሁ። ቡድን መሪ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናው ግቢው ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ።

ለምን ያኔውኑ ሄጄ አልተናገርኩም? ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አሁን ብናገር በአዳራሽ ዋሽታለች እባላለሁ፣ ወንበሩ ይሄዳል፣ ሴት ምን ታውቃለች ይባላል እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ለእናቴ ነገርኳት። የምትለካውን ጨርቅ አስቀምጣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ። «ሰውዬው ቤታችን በልተዋል። እዚህ ቁጭ ብለሽ ለኔ ከምታለቅሺ ሄደሽ ለሚመለከተው ተናገሪ።» እናቴ ስትመክር ምዕራፍ የላትም።

ከዚያ ደግሞ ወይጦ የምወርድበት ቀን መጣ። እንደ ልማዴ መናኸሪያው ጋ ሄድኩ። አንዱን መሃሉን ከፈትኩት፤ ስለ ድፍረት ነው። ሌላውን ከፈትኩት፤ ስለ ኃላፊነት መውሰድ ነው። ሦስተኛውን ሳልከፍት መለስኩት። ሻጩ «ምነው፣ ዛሬ ሁሉም ከሳ?» አለኝ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ሳልይዝ ወጣሁ።

የመጣው ሾፌር ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የሚነዳ፣ አንድ ቃል የማይናገር ሰው ነበር። እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። የማሰምርበት የለም፣ የምጨቃጨቀው የለም። ሴቶቹን የጫንንበት ቦታ ስንደርስ የተበላሸው መኪና ተነስቶ ሄዷል፤ ዘይት የጠጣው አፈር ብቻ ቀርቷል። ራሴን አየሁት። በአዳራሹ እውነትን የመረጥኩት መጽሐፍ እንደምመርጥ ነው። ለጉዞዬ የሚመቸኝን ቀጭኗን ያዝኩና ወፍራሟን ሸራው ላይ ትቼ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ከዚያም በኋላ፤ እንደዚያን ቀን ግን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ከወይጦ ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። እንደ አቧራዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ኮሚቴውን የሚመሩት እኒያው ሰብሳቢ ናቸው። ሊወጡ ቦርሳቸውን ይዘው ነበር። «አንድ ደቂቃ» አልኳቸውና ቆሜ ተናገርኩ። አቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ክልክል ነው ብለውኛል፣ ኃላፊ ነኝ ብዬ አዘዝኳቸው፣ ትልቋን ሴትዮ በእጄ ደግፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በአዳራሹ የተናገርኩት ግማሹን ነው፣ ያንንም አጣምሜ። በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ሰብሳቢው ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ከመሳቢያቸው ፋይል አወጡ። «እንግዲያው ይሄን አንብቢና አስረጂኝ» አሉ።

ጋሼ ለኮሚቴው የሰጡት የጽሑፍ መልስ ነው። በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት፤ ፊደሉ ትልልቅና ዘንበል ያለ፣ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ቀኑ የግምገማው ማግስት ነው። ቃል በቃል ባይሆን እንዲህ ይል ነበር፦

«ከወይጦ ስመለስ ሦስት ሴቶች የጫንኩት በራሴ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ቡድን መሪዋ ያን ቀን ራሷን አሟት ከኋላ ተኝታ ነበር። አይታ ዝም አለች የተባለው ልክ አይደለም፤ ምንም አላየችም። ልጅ ስለሆነች፣ ደግሞ ሐቀኛ ስለሆነች፣ ያላጠፋችውን አጠፋሁ ብላለች። እሷ ላይ ምንም እንዳይጻፍባት እለምናለሁ።»

አንብቤ ስጨርስ ወንበር ሳብኩ፤ ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበሬን ስጠብቅ፣ እሳቸው ቁልፋቸውን በሰጡበት ቀን እኔን ሲጠብቁ ነበር። የሸጥኳቸው ሰው፣ የሸጥኩበትን ቃል እንኳ እንዳይጎዳኝ ሊያጠፉልኝ ሞክረዋል። አለቀስኩ፤ ሰብሳቢው ፊት፣ አቧራዬና እንባዬ ተቀላቅሎ። አላፈርኩም። ማፈር የነበረብኝ በአዳራሹ ቀን ነበር።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም። መሐረባቸውን አቀበሉኝና «እህቴ፣ እኔ ግን ምን ልጻፍ?» አሉ። «በአዳራሽ አይቼ ዝም አልኩ ብለሻል። እሳቸው አላየችም ብለዋል። አሁን ደግሞ አዝዤ ነው ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

«የአሁኑን።»

«እንደዚያ ከሆነ ሾፌሩ ለኮሚቴ የውሸት ቃል ሰጥተዋል ማለት ነው።»

ከሥራ የሚያሰናብታቸውን ክስ ለማንሳት ያለኝ መንገድ ይሄ ብቻ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ዋሽተዋል።»

«ጻፊውና ፈርሚ።»

ጻፍኩ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሾፌሩ የሰጡት ቃል ሐሰት ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። በሕይወቴ ስለ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፣ በዚያ ላይ እንደ አባቴ በምወዳቸው ሰው ላይ።

ውሳኔው ብዙ አልቆየም። እኔ ከቡድን መሪነቴ ተነስቼ ወደ ባለሙያነቴ ተመለስኩ። ጋሼ ቁልፋቸው ተመለሰላቸው፤ ኮሚቴውን አሳስተዋል ተብሎ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ። «በእኔ ላይ ውሸታም ነው ብለሽ ፈረምሽ?» አሉ። «ፈረምኩ ጋሼ» አልኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «መንጃ ፈቃዴ ጋ አስቀምጠዋለሁ» ብለው መኪናቸውን ሊያጥቡ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ዞርን። ብዙ አነበብን፣ ብዙ ተከራከርን፤ ማሰመር ተውኩ። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም፣ እኔም ለማንሳት አልደፈርኩም።

ጡረታ የወጡ ቀን መሥሪያ ቤቱ ምሳ አዘጋጀ። እኒያው ሠራተኞች፣ ያው አዳራሽ። የሰው ሀብት ኃላፊው ተነስቶ የጋሼን ፋይል ያነብ ጀመር። የተቀጠሩበት ጊዜ፣ የነዷቸው መኪኖች፣ አደጋ የለም፣ ከሥራ መቅረት የለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ምክንያት፦ ሐሰተኛ ቃል መስጠት» አለ።

አዲሶቹ ሠራተኞች ተያዩ። አንዷ ሳቀች። ጋሼ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መሃል ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ናቸው፣ ወደሳቸው ዞረው «ምን ዋሸህ?» ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ እንዳልሰማ ሰው ውሃ ጠጡ። ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

ተነሳሁ። ማንም ተራ አልሰጠኝም። «የዋሹት ለእኔ ብለው ነው» አልኩ። «እኔ አዝዣቸው በሠሩት ሥራ፣ በዚህ አዳራሽ እሳቸውን ጥፋተኛ አድርጌ ተናገርኩ። እሳቸው ግን እኔን ለማዳን ተኝታ ነበር ብለው ጻፉ። ፋይላቸው ውስጥ ያለው ብቸኛ ጥፋት የኔ ነው።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

«ቁጭ በይ አንቺ» አሉ፣ «ሰው ምሳውን ይብላ።»